የአረፋ ዕለት የሰረዝኩት ድምፅ

ይህን ነገር እስካለፈው ሳምንት ድረስ ለማንም ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኳትም። ሶላት ላይ ግንባሬን ስደፋ እንኳ በስሙ ጠርቼው አላውቅም፤ «ያረቢ፣ የምታውቀውን ማረኝ» ብዬ አልፈዋለሁ። እሱ ስለሚያውቀው እኔ መናገር የሌለብኝ ይመስል! እናንተ የምታነቡት አታውቁኝም፤ መንገድ ላይ ብታገኙኝም ሰላምታ ሰጥታችሁኝ ታልፋላችሁ። ለዚህ ይሆናል ለእናንተ መናገር የቀለለኝ።

መዲና እባላለሁ። አዋላጅ ነርስ ነኝ። ደሴ ተምሬ፣ ሳውዲ፣ ኾባር ውስጥ ባለ አንድ የግል ክሊኒክ በኮንትራት ከገባሁ አሥራ አምስተኛ ዓመቴ ነው። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ አንድም ቀን ጊዜው አልፎበት አያውቅም። በር የዘጋብኝ፣ ፓስፖርቴን የነጠቀኝ፣ የመታኝ ሰው የለም። አረብኛም እንደ አማርኛዬ ነው የምናገረው። ይህን ከመጀመሪያው የምላችሁ፣ ኋላ ላይ «ምስኪን፣ ፈርታ ነው፤ አስተርጓሚ አሳስቷት ነው» ብላችሁ እንዳታዝኑልኝ ነው።

ያደረግኩት ይህ ነው። አንድ ሰው ሰው ገደለ። ገዳዩ አስቦበት እንዳልመጣ የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ስጠየቅ ዋሸሁ። «ወላሂ» ብዬ ዋሸሁ።

ገዳዩ ጀማል ይባላል። እጮኛዬ ነበር።

ጀማልን ያወቅኩት እዚያው ኾባር፣ ራካ ሰፈር፣ ዘህራ ቤት ነው። ዘህራ የአክስቴ ልጅ ናት፤ ከባሏና ከልጆቿ ጋር እዚያ ትኖራለች። አርብ አርብ ከክሊኒክ ስወጣ ምሳ የምበላው እሷ ጋ ነበር። ጀማል ደግሞ ደማም ውስጥ አንድ ሥጋ ቤት እየሠራ አርብ አርብ ሥጋ ይዞላቸው ይመጣል። በየመን በኩል የመጣ ልጅ ነው፤ ወረቀት የሚባል ነገር አልነበረውም። መኪና በቆመ ቁጥር ፊቱ ይለወጣል። ግን ሳቂታ ነው። ሲያወራ ሰው ሁሉ ወደሱ ይዞራል። እኔም ዞርኩ።

ክሊኒካችን ከወለዱ ሴቶች አንዷ የብዙ ሥጋ ቤቶች ባለቤት ሚስት ነበረች። ምጧ ከብዶባት እጄን ይዛ ያደረች ሴት ናት። ሌላ ጊዜ ለራሴ እንኳ ለምኜ አላውቅም፤ ለጀማል ግን ለመንኳት። «ማዳም፣ አንድ ዘመዴ አለ፤ ጎበዝ ሠራተኛ ነው» አልኳት። ባሏ ካፊሉ፣ ዋስ አሠሪው፣ ሆነለት። ወረቀቱ እስኪስተካከል አንድ ዓመት ፈጀ፤ ያን ዓመት ስልኩ በተዘጋ ቁጥር ልቤ ተሰቅሎ ነው የኖርኩት። ኢቃማው በእጁ የገባ ቀን ካርዱን ግንባሬ ላይ አስነክቶ፣ «ይህ ያንቺ ነው፤ እኔም ያንቺ ነኝ» አለኝ። አመንኩት። ለምን አላምነው? ከዚያ በኋላ በየዓመቱ «ዘንድሮ ኒካህ እናስራለን» ይለኛል፤ ዓመቱ ያልፋል፤ እኔም በየዓመቱ አምናለሁ። እንዲህ እያልን አራት ዓመት ሄደ።

ሌላው ሰው ሰይድ ነው። ሰይድ የሰፈሬ ልጅ ነው፤ ደሴ ቤታችን በአጥር ነው የሚለየው። ደማም ወደብ ላይ ኮንቴይነር የሚያመላልስ ትልቅ መኪና ይነዳ ነበር። ሚስቱ ፋጡማና የሰባት ዓመት ልጁ ሐያት አገር ቤት ናቸው። ዝምተኛ ሰው ነው። ወንድም የለኝም፤ ሰው ስለ ወንድም ሲያወራ የሚታየኝ ግን ሰይድ ነበር።

ያን ዓመት የአረፋ ዕለት ሁላችንም ዘህራ ቤት ልንውል ተቀጣጠርን። የዘህራ ባል በጉን ቄራ አሳርዶ በትልቅ ሳፋ አምጥቶ ኩሽና አስቀመጠልን። ዘህራ ልጆቿን ልታለብስ ገባች። እኔ ብቻዬን ሥጋውን ልበልት ብዬ ቢላውን አነሳሁት፤ ዶልዱሟል። አጥንት ላይ ይንሸራተታል። ጀማል ጠዋት ሥጋ ቤቱ ገብቶ ነበር፤ በዓል ስለሆነ ገበያው ብዙ ነው። ስልኬን አንስቼ ድምፅ ላክሁለት፦

«ጀሙ፣ የዘህራ ቢላ አልቆርጥ ብሎኛል። ከሱቅ ያን ትልቁን ቢላ ይዘህልኝ ና። እንዳትረሳ፣ እሺ?»

ይኸው ነው። መጨረሻው ላይ ሳቄ ይሰማል። ለዘህራ አልነገርኳትም፤ ምን ቁም ነገር አለውና እነግራታለሁ? ጀማልም ወዲያው ደውሎ «ታዘናል እመቤቴ» አለኝ።

ከጀማል በፊት የመጣው ሰይድ ነው። በሩ ላይ ጫማውን አውልቆ፣ የዘህራን ባል ሰላም ብሎ፣ በቀጥታ ወደ ኩሽና መጣ። ተቀመጥ ብለው አልቀመጥ አለ።

«መዲና፣ ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ከእኔ ስሚው» አለኝ። «ጀማል ከሚሴ ላይ ኒካህ አስሯል። ወኪል ልኮ ነው ያሳሰረው። ሁለት ወር ሆነው።»

ሳቅኩ። እውነቴን ነው፣ ሳቅኩ። «ተሳስተሃል፤ ሌላ ጀማል ይሆናል» አልኩት። ዘህራ ልጇን አቅፋ በር ላይ ደርሳ ነበርና ዞር ብዬ አየኋት፤ አብራኝ እንድትስቅ ነው የጠበቅኩት። ዘህራ አንገቷን ደፋች።

«ታውቂ ነበር?» አልኳት።

«በዓሉ ይለፍ ብዬ እኮ ነው፣ መዲና» አለችኝ።

እዚያ ኩሽና ውስጥ ቆሜ የሆነብኝን ልነግራችሁ አልችልም። እሱ ከዳኝ፤ እሱስ እሺ፤ ወንድ ነው፣ ይከዳል እያልን ነው ያደግነው። ዘህራ ግን? እናቶቻችን እህትማማች ናቸው። ሁለት ወር ሙሉ አርብ አርብ እያበላችኝ፣ «ጀሙ ዛሬ አይመጣም?» እያልኩ ስጠይቃት «ይመጣል» እያለች!

ጀማል የመጣው ያን ጊዜ ነው። አዲስ ነጭ ጀለብያ ለብሷል፤ በእጁ ጥቁር ፌስታል ይዟል። «ዒድ ሙባረክ!» እያለ ገባ። እኔን አየኝ፤ ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ።

«ኒካህ አስረሃል?» አልኩት።

ወደ ሰይድ ዞረ።

«እኔ ነኝ የነገርኳት» አለው ሰይድ። «አላህን ፍራ። ሰው አታሞኝ።»

«አንተ ምን አገባህ?»

«ወንድ ብትሆን አንተ ራስህ ትነግራት ነበር። ያንን ያህል ያደረገችልህን ልጅ... እናትህ ያስተማረችህ ይህን ነው?»

ጀማል ስለ እናቱ ሲነሳ ሌላ ሰው ነው። የስድብ ቃል መለሰለት፤ የማልደግመው ስድብ ነው፤ እኔንም የሚነካ ነበር። ሰይድ፣ ያ ዝምተኛ ሰው፣ በጥፊ መታው። ጥፊው ጮኸ። የዘህራ ልጅ አለቀሰች። ከዚያ ጀማል እጁን ፌስታሉ ውስጥ ከተተ። ሲወጋው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከብሽሽቱ በታች፣ ጭኑ ላይ። ሰይድ «እ?» አለ፣ የሆነ ነገር የጠየቁት ይመስል፣ ከዚያ ግድግዳውን ታክኮ ቁጭ አለ።

እዚያ ጋ ትልቅ የደም ሥር አለ። እኔ ነርስ ነኝ፤ ደሙ ሲወጣ ሳየው ምን እንደሆነ አወቅኩ። ሁለት እጄን አድርጌ በሙሉ ክብደቴ ተጫንኩት። የዘህራ ባል አምቡላንስ እየጠራ ወደ ታች ሮጠ፤ ዘህራ ልጆቹን ጎትታ መኝታ ቤት ዘጋች። ጀማል አልሮጠም። ቢላውን ጥሎ አጠገቤ ተንበረከከ። ጀለብያውን አውልቆ ጠቅልሎ ሰጠኝ። «መዲና፣ አድኚው! በአላህ አድኚው! ምን ሆኜ ነው? አድኚው!» ይለኛል። ይህንን የሰማሁ እኔ ብቻ ነኝ። ይህንንም ለማንም አልተናገርኩም።

ሰይድ ሆስፒታል እንደገባ ሞተ።

የመጀመሪያውን ያደረግኩት እዚያው ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ነው። እጄን ታጥቤ ነበር፤ ጥፍሮቼ ሥር ግን ደሙ አልለቀቀም። ስልኬን አወጣሁ። የላክሁት ድምፅ አለ። ቢላ ይዘህ ና የምለው እኔ ነኝ፤ የምስቀው እኔ ነኝ። ደንግጬ ሰረዝኩት፣ ከሁለታችንም ስልክ። «አብረው መክረው ነው ቢሉኝስ?» ብዬ ነው። ማታ ፖሊስ ቃሌን ሲቀበል «ቢላውን ከየት አመጣው?» አለኝ። «ከሚሠራበት ሥጋ ቤት» አልኩ። «ለምን ይዞ መጣ?» አለኝ። «አላውቅም» አልኩ።

እስከዚህ ድረስ ፍርሃት ነው ብትሉኝ እቀበላለሁ። ሰው ደንግጦ የማይሠራው ነገር የለም። ጀማልም እኮ ያን ዕለት ያደረገውን ያደረገው በአንድ ትንፋሽ ነው። የእኔ ግን በዚያች ማታ አላበቃም።

በድጋሚ የተጠራሁት ከአሥራ ዘጠኝ ቀን በኋላ ነው። አሥራ ዘጠኝ ቀን! በእነዚያ ቀናት ሥራ ገብቻለሁ፤ ሕፃናት ተቀብያለሁ፤ በልቻለሁ፤ ተኝቻለሁ። ዘህራም እያለቀሰች የቀረውን ነገረችኝ። የጀማል እናት «ነርሷ ዕድሜዋ ሄዷል፤ የምትወልድልህን አግባ» ብላው ኖሯል። እስክንጋባ ብዬ እሱን ስጠብቅበት የኖርኩት ዕድሜ ነው የሄደው። ለምን ዝም እንዳለኝም ነገረችኝ፦ ኒካሁ በታሰረበት ወር ለታናሽ ወንድሙ ቪዛ እንዲያወጡለት ያችኑ ማዳም ልለምንለት ቃል ገብቼ ነበር። ቪዛው እስኪወጣ መዲና አትስማ ተብሏል። ራካ ውስጥ አብሮን የሚበላ የሚጠጣ ሰው ሁሉ ሰምቷል። የኒካሁን ጣፋጭ በልተዋል። ያልበላሁ እኔ ብቻ ነበርኩ። የነገረኝ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም የነገረኝ ዕለት ሞተ።

ንዴቴ ቀን በጨመረ ቁጥር ይቀዘቅዛል ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። አልቀዘቀዘም። ረጋ እንጂ። እንደ ስብ ውስጤ ረጋ።

ደማም፣ ዐቃቤ ሕጉ ቢሮ ስገባ ጀማል እጁ ታስሮ ተቀምጦ ነበር። ከስቷል። መርማሪው ጨዋ ሰው ነው፤ «ሲስተር» ብሎ ነው የሚጠራኝ። «ይህ ሰው ቢላውን ያመጣሁት እሷ በድምፅ መልእክት ስላዘዘችኝ ነው ይላል» አለኝ። «ስልኩን ከፍተን አየን፤ ከአንቺ የተላከ መልእክት ተሰርዟል። ምን ነበር?»

ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ለተማሪ እንደሚያስረዳ ሰው፣ ለምን እንደሚጠይቀኝ ነገረኝ። ጥፊውን ሁሉም መስክረዋል፤ ጥፊ ሰውን ያናድዳል፤ እሱ ለተከሳሹ ይታሰብለታል። ቢላው ግን ሌላ ነገር ነው። ሰው ለሥራ ተጠይቆ የያዘው ቢላ ከሆነና በጠብ መሃል እጁ ላይ ከተገኘ አንድ ነገር ነው። ከሥራ ቦታው መርጦ፣ ሸፍኖ፣ በበዓል ቀን ሰው ቤት ይዞ ከገባ ደግሞ አስቦበታል ማለት ነው። «ስለዚህ መልስሽ ከባድ ነው፣ ሲስተር። አስበሽ መልሺ» አለኝ።

አያችሁ? አላሳሳተኝም። የምናገረው ቃል ምን እንደሚመዝን በእጄ አስያዘኝ።

ጀማል ቀና ብሎ አየኝ። በአማርኛ «መዲና፣ ስለ አላህ» አለኝ። መርማሪው በአረብኛ ተናገር ብሎ ተቆጣው።

እኔ ምን አየሁ መሰላችሁ? ሰይድን ነው ያየሁት ብል ደስ ባለኝ። «ለሰይድ ደም ስል ነው» ብዬ ለራሴ ብዙ ዓመት ነግሬዋለሁ። ውሸት ነው። የታየኝ ያ የኒካህ ጣፋጭ ነው። የታየኝ እናቱ «ዕድሜዋ ሄዷል» ስትል ነው። እሱ አራት ዓመት ሙሉ ዓይኔን እያየ ዋሽቶኛል፤ አሁን ተራው የእኔ ነው አልኩ። ዓይኑን እያየሁ ተናገርኩ።

«ለዒድ እንኳን አደረሰህ ያልኩበት ነበር። ለሌላ ሰው መስሎኝ ነው የላክሁት፤ ሰረዝኩት። ቢላ አላዘዝኩትም።»

«ወላሂ?»

«ወላሂ።»

ጀማል አንገቱን ነቀነቀና ወለሉን አየ። ፈረምኩ። ወጥቼ በታክሲ ኾባር ተመለስኩ፤ ከሰዓት ፈረቃ ነበረኝና ገባሁ። አንዲት ፊሊፒናዊት ጓደኛዬ «ደህና ነሽ?» አለችኝ። «ኸላስ፣ አለቀ» አልኳት።

አላለቀም። ፍርድ ቤቱ አስቦበት የገደለ ነው አለው። ፋጡማ የባሏን ደም ጠየቀች። በዚህ አገር ሕግ ከሟች ወራሾች አንዱ «ማርኩት» ካለ ሰይፉ ይቀራል። ፋጡማ አልምርም አለች፤ ሐያት ደግሞ ልጅ ነበረች። ልጅ አይጠየቅም። ስለዚህ ጀማል ደማም እስር ቤት ሆኖ ልጅቷ ለአቅመ ሔዋን እስክትደርስ ይጠብቅ ተባለ። አስቡት፤ ሰው፣ የገደለው ሰው ልጅ ከክፍል ክፍል ስታልፍ፣ ቁመት ስትጨምር ቀኑን እየቆጠረ ሲኖር።

እስር ቤት የሚጠይቁት ሐጅ ዩሱፍ ናቸው። ደማም ውስጥ ያለው አበሻ ሁሉ ሲጣላም ሲታመምም የሚጠራቸው ሽማግሌ ናቸው። አንድ ቀን ክሊኒክ ድረስ መጥተው፣ አፍረው፣ «ልጄ፣ እንዳትቀየሚው፤ ቢላውን አምጣ ያለችኝ መዲና ናት ይላል» አሉኝ። አለቀስኩ። እንባዬ የእውነት ነበር፤ ከምን እንደመጣ ግን ለሳቸው አልነገርኳቸውም። «አይዞሽ፣ ማንም አላመነውም» አሉኝ። እውነትም ማንም አላመነውም። ከድቶኝ፣ ገድሎ፣ አሁን ደግሞ ስሜን ሊያጠፋ ነው ብለው ሁሉም አዘኑልኝ። በየቤቱ ስጠራ ከፊት ነው የሚያስቀምጡኝ። ተቀመጥኩ። ሐዘናቸውን ተቀበልኩ። የቀረበልኝንም በላሁ።

በአራተኛው ዓመት ፋጡማ ደወለች። ሐጅ ዩሱፍና የከሚሴ ሽማግሎች ሲለምኗት ከርመው ልቧ ላላ ብሎ ነበር።

«መዲና፣ አንቺ እዚያ ነበርሽ። እጅሽ ላይ ነው የሞተው» አለችኝ። «እውነቱን ንገሪኝ። ሊገድለው ብሎ ነው የመጣው ወይስ ተናዶ ነው? ተናዶ ከሆነ ለአላህ ብዬ እተወዋለሁ። ሰው ነው። አስቦበት ከሆነ ግን አልችልም።»

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶልኝ ነበር። መርማሪ የለም፣ መሐላ የለም፣ ፊርማ የለም። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት እኔን አምና ጠየቀችኝ። ንዴቴስ? አራት ዓመት ሆኖታል፤ ጀማል እስር ቤት ነው፤ ያገባት ልጅ ፈትታው ሌላ አግብታለች። ምን ቀረኝ? ምን አስጨነቀኝ? ስሜ ነው። ከፊት የምቀመጥበት ቦታ ነው።

«ቢላ ይዞ ነው የመጣው፣ ፋጡማ» አልኳት።

ከዚህ ውስጥ አንድም የውሸት ቃል የለም። ስቅስቅ ብላ አለቀሰች፤ «በቃ» አለችና ዘጋችው። የመጀመሪያውን ውሸት ፍርሃት፣ ሁለተኛውን ንዴት ብዬ ስም ልስጠው። ለዚህኛው ምን ስም እሰጠዋለሁ?

እንዲህ ሆኖ ስምንት ዓመት ሞላ። ሐያት አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ደሴ ላይ ዳኛ ፊት ቀርባ ተጠየቀች፤ እናቷ አጠገቧ እያለች «ማርኩት» አለች። ወረቀቱ ተረጋግጦ ደማም ደረሰ። ሐጅ ዩሱፍ እያለቀሱ ደወሉልኝ። «ሰይፉ ቀረ፣ ልጄ! እስሩ ግን ገና ነው። ቢላ ይዞ ስለመጣ መንግሥት በራሱ በኩል ከባዱን ነው የፈረደበት፤ ብዙ ይቀረዋል» አሉኝ።

በማግስቱ ሐያት ራሷ ደወለች። ድምፅዋን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው፤ አባቷን ትመስላለች፣ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው።

«አክስቴ፣ ላመሰግንሽ ነው» አለችኝ። «አባቴን እስከ መጨረሻው የያዝሽው አንቺ ነሽ። እናቴ ሁሌ ታነሳሻለች።»

«ለምን ማርሽው?» አልኳት።

«አስቦበት ቢላ ይዞ መምጣቱ ነው የከበደኝ» አለችኝ። «እሱን ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። አባቴ ለበዓል ሲሄድ እሱ ቢላ እየሸፈነ ነበር እላለሁ። በመጨረሻ ግን ደከመኝ። ቢላውንም ጨምሬ ይቅር አልኩት።»

ከዚህ በኋላ ምን እንደተባባልን አላስታውስም። ስልኩን ዘግቼ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። አሥራ አምስት ዓመት የሆናት ልጅ፣ ያልተደረገ ነገር ይቅር ለማለት ስንት ዓመት ስትታገል ኖራለች። ጀማል ያደረገው ራሱ ለአንድ ልጅ የሚበዛ ነበር። እኔ ጨመርኩበት። ስምንት ዓመት እንቅልፍ የነሳኋት እኔ ነኝ፤ አመሰገነችኝ።

እሑድ ጠዋት ደማም ሄድኩ። የድሮው መርማሪ የለም፤ ወጣት ሰው ነው ያገኘሁት። መዝገቡን አስፈልጎ፣ ያልኩትን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሮ ጻፈ። ድምፁን፣ ስረዛውን፣ መሐላውን፤ ጀማል «አድኚው» ማለቱን፣ ጀለብያውን አውልቆ መስጠቱን። ብዕሩን አስቀምጦ አየኝ። «በሐሰት መመስከርሽ እንደሚያስከስስሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። «ማን አስገደደሽ?» አለኝ። ማንም አልኩት። ፓስፖርቴን አስቀረ። ክሊኒኩም ነገሩ እስኪለይ ቤት ሁኚ ብሎኛል። ሐጅ ዩሱፍ መኪናቸው ውስጥ ሲጠብቁኝ ነበር፤ ለምን እንደመጣሁ በመንገድ ነግሬያቸው ነበር። ኾባር ስወርድ፣ ፊታቸውን ወደ መሪው እንዳደረጉ፣ «ያ ልጅ በየወሩ ይነግረኝ ነበር፤ በየወሩ ዝም በል እለው ነበር» አሉ።

ያን ዕለት ለሐያት ደወልኩ። ዙሪያ ጥምጥም አልሄድኩም። ቢላውን ሥጋ ልቆርጥበት አምጣልኝ ያልኩት እኔ ነኝ አልኳት። አባትሽ ምስጢሩን እንደነገረኝ ጀማል ሲመጣ አያውቅም ነበር፤ እዚያው ተናዶ ነው አልኳት። ምዬ የካድኩት እኔ ነኝ፤ እናትሽ ስትጠይቀኝም የደበቅኳት እኔ ነኝ አልኳት።

«እናቴ ስትጠይቅሽ ለምን አልነገርሻትም?» አለችኝ።

«ሰው ፊት እንዳላፍር።»

«እስካሁን?»

«እስካሁን።»

«እሱን ምሬዋለሁ፤ ያ አይመለስም» አለች። «አንቺን ግን እንጃ፣ አክስቴ። አላውቅም።»

ስልኩ ተዘጋ። መልሼ አልደወልኩም። ማሪኝ አላልኳትም፤ አንዴ ይቅር ለማለት የከፈለችውን አውቃለሁ፣ ደግመሽ ክፈይ የምልበት አፍ የለኝም። ጀማል ከድቶኛል፤ ይህ እውነት ነው፣ ዛሬም ያመኛል። ዘህራም ከድታኛለች። ግን አንዳቸውም «ወላሂ» በይ አላሉኝም። ጀማል ቢላውን ሲያነሳ ለማሰብ ጊዜ አልነበረውም። እኔ አሥራ ዘጠኝ ቀን ነበረኝ፤ ከዚያ አራት ዓመት፤ ከዚያ ሌላ አራት ዓመት። ከሁለታችን አስቦበት ያደረገው ማን ነው?

ረቡዕ ቃሌ በንጹህ ተገልብጦ ስለሚቀርብ መጥቼ እንድፈርም ተቀጥሬያለሁ። ወጣቱ መርማሪ ስወጣ፣ ደግ ሰው ነው መሰለኝ፣ «የሚያቀልልሽ ነገር ካለ እቤትሽ ሆነሽ አስቢበትና ጽፈሽ ይዘሽ ነይ» ብሎኛል። ሁለት ቀን ሙሉ አሰብኩበት። ይዤ የምሄደው ነገር የለኝም።